የእግር ደም ሥር «ተመለሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከብሎካችን ጀርባ ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት በር ላይ ጎረቤቴ አስቆሙኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ላይ። እንጀራ እየጋገሩ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በብረት መቆሚያ ላይ ወገባቸው ድረስ ከፍ ብሏል፤ እሳቸው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ከፊቱ ቆመዋል። ሊጥ ባልነካው እጃቸው ስልካቸውን አቀበሉኝና «ሲስተር፣ እስቲ አንብቢው። የተሸወድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም» አሉኝ።

የሰጡኝ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የከረመ ነው። ረጅም ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ስድስት ነጥብ ነው፦ ያበጠ የእግር ደም ሥር (ቫሪኮስ የምንለው) ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ስለሚመለስ ሕክምናው ጥቅም የለውም፤ የሚመለሰው ሐኪሙ ሥሩን ስለሚተው ነው፤ ደም ሥር የወጣለት እግር ደም ያጣል፤ ሌዘር ከሆነ ግን መቼም አይመለስም፤ በሽታውን የሚያመጡት ተረከዝ ያለው ጫማ የሚያደርጉና እግራቸውን አነባብረው የሚቀመጡ ሴቶች ራሳቸው ናቸው፤ መፍትሔው ዋግምት ነው። ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ተመልሶባቸው የተናደዱ ሰዎችን ሰምተው ነው የጻፉት፤ ንዴቱም እውነተኛ ነው። ጎረቤቴም ከስድስት ዓመት በፊት ግራ እግራቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው፣ ካቻምና ጀምሮ እዚያው እግር ላይ እንደገና ወጥቶባቸዋል።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ዘጠኝ ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርቼ አሁን አቃቂ አካባቢ የደም ሥር አልትራሳውንድ ከሚሠሩ ዶክተር ጋር ነኝ። ታካሚ አቆማለሁ፣ ባት እጨምቃለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ። የምመልሰው ከዚያ ቦታ ሆኜ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ የአካል ክፍል ጥሩ ስም አለው፤ ደም መልስ። ደም ቅዳው ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፣ ደም መልሱ ይመልሳል። ቆመን ሳለን ግን ከእግር ጣት እስከ ልብ ያለው መንገድ አቀበት ነው። አቀበቱን የሚያስወጣው ባታችን ነው፤ በተራመድን ቁጥር የባት ሥጋ ደም መልሱን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋል፣ የተገፋው እንዳይወርድ ደግሞ በየመንገዱ ስስ መዝጊያዎች አሉ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ፓምፑ ደህና ሆኖ ቼክ ቫልቩ ከላላ ውኃው አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይመለሳል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ያለው ደም መልስ ውስጥ ግፊቱ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። መዝጊያው ለላላበት ሰው ግን ቢራመድም የሚገባውን ያህል አይወርድለትም፤ ቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር ዓመት ከዓመት የሚያሰፋውና የሚያጠማዝዘው ይኸው ግፊት ነው። ቀዶ ሕክምናው የላላውን መስመር ይዘጋል ወይም ያወጣል እንጂ የቀሩትን መዝጊያዎች አያጠነክርም። ይህን ካልያዝን የሚቀጥለው ሁሉ ይምታታብናል።

«ስለሚመለስ ጥቅም የለውም» ለሚለው፦ ግማሹን እቀበላለሁ። ይመለሳል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻም አይደለም። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በቆዩ ክትትሎች ከመቶ ታካሚ ከ20 እስከ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ እንደገና ታይቷል። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግ በፊት ይህን በግልጽ የማይናገር ባለሙያ ካለ ጸሐፊው ቢቆጡት ከጎናቸው ነኝ። «ስለዚህ ጥቅም የለውም» የሚለው ግማሽ ግን አይከተልም። በእንግሊዝ አገር ግሎስተር ላይ አንድ ጥናት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ደም ሥሩ ብሽሽት ላይ ታሰረ ብቻ፤ ለሌላው ታስሮ ከጭኑ ወጣ። ከ11 ዓመት በኋላ በዓይን የሚታይ ደም ሥር በሁለቱም ወገን ያን ያህል ልዩነት አልነበረውም። እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ሰው ቁጥር ግን በወጣላቸው ዘንድ ከግማሽ በታች ነበር። መታየት ሌላ፣ እንደገና ማስቸገር ሌላ መሆኑን ያየሁት ከዚህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ነው የከተቱት።

ቁስል ላይ ስንመጣ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። ኤስካር የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት እግራቸው የቆሰለ 500 ሰዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ በፋሻ መጠቅለል ብቻ፣ ግማሾቹ መጠቅለልና ቀዶ ሕክምና አገኙ። ቁስሉ የዳነው በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከዳነ በኋላ በ12 ወር ውስጥ እንደገና የቆሰለው ግን ፋሻ ብቻ ካገኙት ከመቶ 28፣ ቀዶ ሕክምና ከጨመሩት ከመቶ 12 ነበር። በአራተኛው ዓመት 56 እና 31 ሆነ። ጎረቤቴም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ያሳክካቸው፣ ሌሊት ባታቸው እየተሸማቀቀ ያስነሳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። አራት ዓመት ሳያማት መቆም ለእንጀራ ጋጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ጽሑፉ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «ሐኪሙ ሥሩን ስለሚተው ነው» የሚለው፣ በጣም የተሰራጨውና በከፊል እውነት ስለሆነ ለመመለስ የሚያስቸግረው ነው። ጎረቤቴም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ «ሥሩን አልነቀሉትም መሰለኝ፣ ሲስተር።»

ደም ሥር እንደ ዛፍ አንድ ሥር የለውም። «ሥሩ» ስንል ግን ምን እያሰብን እንደሆነ ይገባኛል። ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ በእግር ውስጠኛው ጎን ወደ ብሽሽት የሚወጣ ረጅም ደም መልስ አለ፤ ብሽሽት ላይ ወደ ጥልቁ ደም መልስ ይገባል። በባት ጀርባ የሚወጣ ሌላ አጭር ደግሞ አለ፤ እሱ ከጉልበት ኋላ ወይም ከፍ ብሎ ይገባል። በተጨማሪ ላይኛውን ከጥልቁ የሚያገናኙ ብዙ ትናንሽ መሿለኪያዎች አሉ። ትሬንደለንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ረጅሙን ደም ሥር በማሰር ጀመረ፤ ማውጣቱን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች ጨመሩበት። በመቶ ዓመት ውስጥ ስለ መመለሱ ያልተባለ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ግን «ተመለሰ» ሲል የተለያየ ነገር ማለቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የደም ሥር ሐኪሞች ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት ይህንኑ መልክ ለማስያዝ ነው። እኔ ከአልትራሳውንዱ ጎን ቆሜ የማየውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

አንዱ፣ መጀመሪያውኑ ያልተነካ ነው። ብሽሽት ላይ ሲታሰር ከመገናኛው ዝቅ ተብሎ ታስሮ ቅርንጫፎቹ ክፍት ይቀራሉ፤ ወይም ታስሮ ሳይወጣ ይቀራል፤ ወይም ችግሩ ያለው በባት ጀርባ ሆኖ ሳለ የጭኑ ይወጣል። አጭሩ ደም ሥር ወደ ጥልቁ የሚገባበት ቦታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሳይለኩና ሳያሰምሩ መቅደድ ግምት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ የባለሙያ ስህተት የሚባለው ይህ ነው። ቀድሞ በአልትራሳውንድ ካርታ ማውጣት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ግን ጥንቃቄ። ብዙ ሰው ከጉልበት በታች ያለው ስላልወጣለት «ግማሹን ትተውታል» ይላል። ሆን ተብሎ ነው። ከጉልበት በታች ደም ሥሩን ተጠግቶ የሚወርድ ነርቭ አለ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ከተሳበ ነርቩ ይጎዳና እግሩ ውስጠኛ ጎን ይደነዝዛል። ስለዚህ አብዛኛው ቀዶ ሐኪም ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ያቆማል። ይህን ለታካሚው አስቀድሞ አለመንገር ግን የእኛ የጤና ባለሙያዎች ጥፋት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው፣ ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ነው። በትክክል በታሰረና በወጣ ቦታ ላይ፣ ጠባሳው ውስጥ፣ ሰውነት አዲስ ቀጫጭን ደም ሥሮች ያበቅላል። ቁስል ሲድን ደም ሥር መብቀሉ የተፈጥሮ ነው፤ እዚህ ግን ጥልቁን ደም ሥር ጭኑ ላይ ከቀረው ጋር መልሶ ያገናኛል። በአልትራሳውንድ ሲታይ እንደ ተጠላለፈ ክር ነው። አውሮፓ ውስጥ መገናኛውን በሲሊኮን ቁራጭ እስከ መሸፈን የደረሱ ሐኪሞች አሉ። ይህን «ሥሩን ትተውት ነው» ማለት ሐኪሙን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው።

ሦስተኛው ያው በሽታው መቀጠሉ ነው። ያን ጊዜ ጤነኛ የነበረ መስመር ከዓመታት በኋላ መዝጊያው ይላላል። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዝንባሌ፣ ክብደት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣ እርግዝና ሁሉም ያግዙታል። ተመለሰ አይባልም፤ አዲስ መጣ ነው። ዓይን ግን ሁለቱን አይለይም።

አራተኛው ከእግር በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይፈለግ ይታለፋል። ደጋግመው በወለዱ ሴቶች ዳሌ ውስጥ ያሉ ደም መልሶች ሰፍተው በብልት አካባቢና በጭን ውስጠኛው በኩል ወደ እግር ሊያወርዱ ይችላሉ። ወይም ከዓመታት በፊት ጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ መንገዱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ላይ ያለው ያበጠ ደም ሥር የደሙ ማለፊያ መንገድ ነው፤ እሱን ማውጣት ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል።

ጎረቤቴን ማክሰኞ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ዝቅተኛ መወጣጫ ላይ አቆምናቸው፤ ይህ ምርመራ ተኝቶ አይሆንም። ክብደታቸውን በቀኝ እግራቸው ላይ ጥለው ግራውን አላሉት። ዶክተሩ ጄል ቀብተው የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ መጀመሪያ ብሽሽት ላይ አደረጉት፤ እኔ ባታቸውን ጨመቅሁና ለቀቅሁ። ሲጨመቅ ድምፁ «ሹው» ብሎ ይወጣል፤ መዝጊያው ደህና ከሆነ ሲለቀቅ ፀጥ ይላል። ብሽሽታቸው ላይ ፀጥ አለ። ጠባሳው ንጹሕ ነው፣ የተጠላለፈ ክርም የለም። ያኔ የሠራላቸው ሰው ሥራውን በደንብ ነው የሠራው። ከዚያ ጉልበታቸው ኋላ ወረድን። ጨመቅሁ፤ ሹው። ለቀቅሁ፤ ሹውውው ብሎ ተመለሰ፣ ማያው ላይ ሰማያዊው ቀለም ወደ ቀይ ዞሮ ከሁለት ሰከንድ በላይ ቆየ። ከግማሽ ሰከንድ ካለፈ በሽታ ነው የሚባለው። ያ አጭሩ ደም ሥር ነው፤ ያኔ ያልተነካ። ያን ጊዜ ጤነኛ ነበር ወይስ ታልፎ? ይህን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

«ደም ሥር የወጣለት እግር ደም ያጣል» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ከእግር ወደ ልብ ከሚመለሰው ደም 90 በመቶ ገደማ የሚሄደው በሥጋ መካከል ባለው ጥልቁ ደም መልስ ነው። ላይኛው ከተበላሸ ደግሞ ደም መመለሱን ትቶ ማውረድ ጀምሯል ማለት ነው፤ መቅረቱ ለእግሩ ዕረፍት ነው። ይኸው ረጅም ደም ሥር፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የልባቸው ደም ቅዳ ለተዘጋባቸው ሰዎች ከእግራቸው ተወስዶ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ክሊቭላንድ ውስጥ አርጀንቲናዊው ፋቫሎሮ ያስፋፋው ሥራ ነው። እግራቸው ደርቆ አልቀረም።

ሌዘር። ይህን ነጥብ ሳነብ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ተጋጨ። መጀመሪያ ሕክምናው ሁሉ ከንቱ ነው ካሉ በኋላ፣ ቀጥለው ሌዘር መቼም አይመለስም ይላሉ። ሌዘሩ ደም ሥሩን ከውስጥ አቃጥሎ ይዘጋዋል። ብሽሽት ስለማይቀደድ ጠባሳ ውስጥ የሚበቅለው ነገር ይቀንሳል፣ ሰውም ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቀዶ ሕክምና በፊት በሙቀት የሚዘጋውን አስቀድሙ ያለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የተዘጋው አንዳንዴ ይከፈታል፤ ጭን ፊት ለፊት ያለው ተጓዳኝ ደም ሥርም ተረክቦ ያብጣል። ከዓመታት በኋላ በዓይን የሚታየው ሲቆጠር በሌዘርና በቀዶ ሕክምና መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። ለሌዘር ብሎ ላም የሸጠ ሰው አጋጥሞኛል። በአካባቢው የሚገኘው ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ በደንብ ከተለካና ከተሠራ፣ ላሟን ማቆየት ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ሴቶች ራሳቸው ያመጡታል» የሚለው አናዶኛል፤ ግን በቁጥር ልመልስ። ኤድንብራ ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ ሲመረመርና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲታተም፣ ዋና ዋናዎቹ ደም ሥሮች ያበጡባቸው ወንዶች ከመቶ 40፣ ሴቶች ከመቶ 32 ነበሩ። ወንዶች ሱሪ ይለብሳሉ፣ ወደ ሐኪም ብዙም አይመጡም፤ የሴቶች በሽታ ያስመሰለው እሱ ይመስለኛል። እርግዝና በእርግጥ ያባብሰዋል፤ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ማሕፀኑ ዳሌ ላይ ይጫናል፣ ሆርሞኑ የደም ሥሩን ግድግዳ ያላላል። ይህን ጥፋት ብሎ የሚቆጥር ካለ ቤት ገብቶ ለእናቱ ይንገራቸው። እግር ማነባበር በሽታውን ያመጣል የሚል አሳማኝ ነገር አላየሁም። ቀን ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ መቆም ግን ግንኙነት አለው። እዚህ አካባቢ እንዲህ የሚቆመው ማን ነው? የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ፀጉር ሠሪ፣ አስተማሪ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ጋጋሪ። ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረገ አንድም የለም።

ወደ ዋግምቱ። እስካሁን የተነሳው ሐሳብ ነው፤ ይህ ግን ሰው ይጎዳል። ጽሑፉ ያበጠውን ደም ሥር በምላጭ በጥቶ «የረጋውን ጥቁር ደም» በዋንጫ መሳብ ይመክራል። ደሙ ጥቁር የሚመስለው ኦክስጅኑን ሰጥቶ እየተመለሰ ስለሆነ ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። ከላይ የጻፍኩት ግፊት ደግሞ እዚያው አለ፤ ቆሞ ላለ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ያበጠ ደም ሥር ከተበጣ ደሙ ይፈናጠራል። ቆዳው በዓመታት ግፊት ስለተጎዳም ትንሿ ብጣት ለወራት የማትድን ቁስል ትሆናለች። ከገላን አካባቢ የመጡ አንድ አባት አስታውሳለሁ። የብጣቱ መስመሮች አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ድነዋል፣ አራተኛው የእጅ መዳፍ አክሏል። ሲደማባቸው ቤተሰብ ከጉልበታቸው በላይ በነጠላ ቁራጭ ጠበቅ አድርጎ አስሮላቸው ነበር። የደም መልስ መድማት ከላይ ሲታሰር ይብሳል፤ የሚመለሰው ደም መውጫ ሲያጣ በቁስሉ ይወጣልና። እንዲህ ከሆነ ሰውየውን አስተኙት፣ እግሩን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጉት፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ሳትከፍቱ ለ15 ደቂቃ ያህል ተጫኑት። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ቢያነሱት የምመርጠው፣ የወረቀቱ ነገር ነው። ጎረቤቴ ያን ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው አቆይተውታል። ዶክተሩ ከምርመራው በኋላ ጠየቋቸውና አወጡት። አንድ መስመር ነው፤ የእግር ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በሰላም ወጥተዋል ይላል። የትኛው እግር እንኳ አይልም። የትኛው ደም ሥር ታሰረ፣ የቱ ወጣ፣ የጉልበት ኋላው ያኔ ተለክቶ ጤነኛ ተብሎ ነበር ወይስ ጭራሽ አልታየም፣ የለበትም። ስለዚህ ያ አጭር ደም ሥር አዲስ የመጣ ይሁን ታልፎ የቀረ፣ ዛሬ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ ጽሑፉም፣ እኔም፣ ዶክተሩም።

ዶክተሩ ሁለት ምርጫ ሰጧቸው፤ ለጊዜው የሕክምናውን ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ አድርገው መቆየት፣ ወይም ደም ሥሩን በመርፌ በሚገባ አረፋ ማዘጋት። ካልሲው ሕመሙን ያቀላል እንጂ መዝጊያውን እንደማይጠግን አብራሩላቸው። «ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ፣ አሁን የእንጀራ ትዕዛዝ ይዣለሁ» አሉ። ምጣዱን ከመቆሚያው አውርደን በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚጋግሩበትን ከፍታ አብረን ለካን፤ በየሦስት እንጀራው ተነስተው እስከ ቧንቧው ይራመዳሉ።

እኔ የግራ እግር ሥዕል በወረቀት ሠራሁ፤ የወጣውን በነጠብጣብ፣ አሁን የሚመልሰውን በቀይ እስክሪብቶ፣ ቀኑንና የተለካውን ሰከንድ ጎኑ ጽፌ ዶክተሩ ፈረሙበት። ጎረቤቴ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት፣ አጠፉት፣ ከቤታቸው ውል ጋር በአንድ ላስቲክ ውስጥ ከተቱት።